ባትሪውን ማን በላው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የመኪና ኤሌክትሪክ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች ከአዳማና ከአካባቢዋ የመጡ ናቸው። ጠያቂዎቹ ሁሉም ዕድሜ የጠገበ መኪና ይዘው ባትሪና ዲናሞ (ሞተሩ ሲሠራ ባትሪውን የሚሞላውን ማሽን) ሲቀያይሩ የከረሙ ናቸው። ወደ መልሱ ከመግባታችን በፊት አንድ ዕቃ ይግዙ፦ ዲጂታል ቴስተር። ቮልትና እስከ 10 አምፔር ድረስ የሚለካ ርካሹ ይበቃል። ሳይለኩ ዕቃ መቀየር ኪስን ማራገፍ ነው።

*ጥያቄ፦ መኪናዬ ቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ ናት። ሁለት ቀን ከቆመች በግፊት ካልሆነ አትነሳም። በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ቀየርኩ። አንዱ ባለሙያ «ዲናሞው ሞቷል» ይለኛል፣ ሌላው «ባትሪው ፎርጅድ ነው» ይለኛል። የቱን ልመን?*
የዲኤክስ ባለቤት፣ አዳማ

መልስ፦ ሁለቱንም ትተው መጀመሪያ ይለኩ። ሦስት ልኬት ነው ያለው፤ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም።

መኪናዋ ቆማ ካደረች በኋላ ጠዋት፣ ቁልፍ ሳያስገቡ፣ የባትሪውን ሁለት ጫፍ ይለኩ። 12.6 ቮልት ከሆነ ሙሉ ነው። 12.4 ሦስት አራተኛ ገደማ፣ 12.2 ግማሽ ገደማ ነው፤ 12.0 እና ከዚያ በታች ከሆነ ባዶ ነው ብለው ይያዙት። ቀጥሎ ሌላ ሰው ሞተሪኖውን (ሞተሩን የሚያስነሳውን) ሲያዞር እርስዎ ቁጥሩን ይመልከቱ። ጠዋት 12.5 የነበረ ባትሪ ሲዞር ከ9.6 በታች ከወረደ ባትሪው ራሱ ደክሟል። በመጨረሻ ሞተሩ ተነስቶ፣ ትንሽ ነዳጅ ተሰጥቶት፣ የፊት መብራቱና የካቢን ፋኑ በርቶ ሲለካ ከ13.8 እስከ 14.5 ማሳየት አለበት። ከ13.2 በታች ከሆነ ቻርጅ የለም ማለት ነው። ከ14.8 በላይ ከሆነ ደግሞ የዲናሞውን ቮልት የሚገድበው ሬጉሌተር መቆጣጠር አቅቶታል፤ ባትሪውን እያፈላው ነው።

ቻርጁ ካነሰ ዲናሞውን ለማውረድ አይቸኩሉ። ዲናሞውን የሚያዞረውን ቺንጋ መሃል ላይ በአውራ ጣት ጫን ይበሉት፤ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ገባ ካለ ደህና ነው፤ ከዚያ በላይ ከላላ ይወጠር። የውስጥ ፊቱ እንደ መስታወት ካበረቀ ይቀየር፤ ቢወጠርም ይንሸራተታል። ከዚያ ሞተሩና መብራቱ እንደበራ የቴስተሩን ቀይ ጫፍ ዲናሞው ላይ ወፍራሙ ገመድ የታሰረበት ብሎን ላይ፣ ጥቁሩን የባትሪው ፖዘቲቭ ላይ ያድርጉ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ዲናሞው ያመረተው በመንገድ ላይ እየቀረ ነው። ጥፋቱም ኬብሉ ወይም ማሰሪያው ነው። በተመሳሳይ ሁኔታ አንዱን ጫፍ የዲናሞው ብረት ላይ፣ ሌላውን የባትሪው ኔጋቲቭ ላይ አድርገው ይለኩ፤ እዚህ ከ0.2 ማለፍ የለበትም። ካለፈ ችግሩ ማሳው ላይ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በብረቱ በኩል ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ በሚመለስበት መስመር ላይ ነው።

ማሳ በአሮጌ መኪና ላይ ብዙ ያታልላል። ከሞተሩ ወደ ቦዲ የሚሄደው ጠፍጣፋ የተጎነጎነ ሽቦ ከላይ ሲታይ ሙሉ ይመስላል። ጫፉ ላይ ያለውን ጥቁር ጎማ ገለጥ ሲያደርጉት ግን መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኖ ከተቆጠሩ ጥቂት ክሮች በስተቀር የቀረ አይኖርም። በእነዚያ ክሮች መብራት ይበራል፣ ሬዲዮ ይዘፍናል፤ ሞተሪኖ ሲዞር ግን አይችሉም። ሽቦውን ይቀይሩ፣ የሚያርፍበትን ብረት ቀለሙ እስኪለቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ፣ ካሰሩ በኋላ ግሪስ ይቀቡት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ቻርጁ አሁንም ካነሰ ዲናሞው ይከፈት። አብዛኛውን ጊዜ ያለቀው ካርቦኑ፣ ማለትም ወደሚዞረው ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው ነው። በቶዮታ ዲናሞ ላይ አዲስ ካርቦን 10.5 ሚሊ ሜትር ያህል ወጣ ብሎ ይታያል፤ 1.5 ሲደርስ ጊዜው አልፏል። ከፍተው 4 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ካገኙት መልሰው አይግጠሙት፤ ካርቦን ርካሽ ነው፣ ውዱ የሚፈታበት የእጅ ዋጋ ነው። ኩሽኔታውንም በዚያው በእጅ አዙረው ያዳምጡ።

የእርስዎ ዲኤክስ ግን ስትነዳ አላስቸገረችም፤ ያስቸገረችው ስትቆም ነው። ይህ የቻርጅ ሳይሆን ሌሊት የሚያፈስ ነገር ምልክት ነው። ፍለጋው እንዲህ ነው። ሁሉንም ያጥፉ፣ ቁልፉን ያውጡ፣ በሮቹን ይዝጉ። የባትሪውን ኔጋቲቭ ይፍቱና ቴስተሩን በ10 አምፔር መለኪያ በባትሪውና በተፈታው ኬብል መካከል ያስገቡ። ቀዩን ሽቦ ወደ 10 አምፔር ቀዳዳ ማዛወር አይርሱ፤ በዚህ ሁኔታ ቁልፍ አዙሮ ማስነሳት ደግሞ ፈጽሞ አይሞከርም፣ የቴስተሩን ፊውዝ ያቃጥላል። ለሰዓቱና ለቴፑ ማስታወሻ የሚሄደው ከ0.05 አምፔር አይበልጥም። 0.4 ካሳየ ስሌቱ ቀላል ነው፦ በቀን 9.6፣ በሁለት ቀን 19 አምፔር ሰዓት። ባትሪው ባለ 45 አምፔር ሰዓት ከሆነና ይህ ከተቀነሰለት፣ ሙሉ የነበረ ባትሪ እንኳ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል፤ በአዳማ ሙቀት የሰነበተ ባትሪ ደግሞ ከመጀመሪያውም 45 አልነበረውም።

አሁን ፊውዞቹን አንድ በአንድ ይንቀሉ። ቁጥሩ ድንገት የወረደበት ፊውዝ ጥፋቱ ያለበትን መስመር ይነግርዎታል። ሁሉም ተነቅለው ቁጥሩ ካልወረደ የቀሩት ሁለት ናቸው፦ በፊውዝ ሳጥኑ ሳያልፍ ከባትሪ በቀጥታ የተሳበ ነገር፣ ወይም የዲናሞው ዳዮድ (ኤሌክትሪክ በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፈው ክፍል)። ዳዮዱን ለማወቅ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትተው የዲናሞውን ወፍራም ገመድ ያውጡ፣ ጫፉን ብረት እንዳይነካ ይጠቅልሉት፣ ከዚያ እንደገና ይለኩ። ከወረደ ዳዮዱ ያፈሳል። እኛ ግን መጀመሪያ የምንጠረጥረው ከፋብሪካ በኋላ የተገጠመውን ነው፤ አላርሙን፣ ቴፑን፣ አምፕሊፋየሩን።

ባትሪውን የገደለውም ይኸው ባዶ መሆን ነው። በግፊት አስነስቶ ዲናሞው ይሙላው ማለት ዲናሞውንም ይጎዳል። 45 አምፔር ባትሪ ወጥቶ በ4.5 አምፔር ሙሉ ሌሊት ቻርጅ ይደረግ።

*ጥያቄ፦ ቁልፍ ስከፍት የባትሪ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት አይበራም። ሞተሩ ሲነሳም አይበራም፤ ደህና ነው ብዬ ነበር፣ ግን ባትሪው ቻርጅ አያገኝም።*
አንባቢ፣ ሞጆ

መልስ፦ ያ መብራት ምልክት ብቻ አይደለም። ቁልፍ ሲከፈት በእሱ በኩል የሚያልፈው ትንሽ ኤሌክትሪክ ነው ዲናሞውን «የሚቀሰቅሰው»። አምፖሉ ከተቃጠለ ብዙ አሮጌ ዲናሞዎች ጨርሶ አያመርቱም፣ ወይም ነዳጅ ብዙ ተሰጥቷቸው ብቻ ይነሳሉ። ቁልፉን ከፍተው ከዲናሞው ሶኬት የመብራቱን ቀጭን ገመድ አውጥተው ከብረት ጋር ያነካኩ። መብራቱ ከበራ አምፖሉና መስመሩ ደህና ናቸው፤ ካርቦኑን ይዩ። ካልበራ ፊውዙን፣ ከዚያ አምፖሉን ይቀይሩ።

*ጥያቄ፦ አይሱዙዬ ሁለት ባትሪ ነው ያለው። ቴፕ ካስገጠምኩ ወዲህ አንዱ ባትሪ ውሃ ይጨርሳል፣ ሌላው ሁልጊዜ ደካማ ነው። ሁለቱን ባቀያይራቸውም ያው ነው።*
የጭነት አሽከርካሪ፣ አዳማ

መልስ፦ «ባቀያይራቸውም ያው ነው» ማለትዎ መልሱን ይዟል፤ ጥፋቱ ባትሪዎቹ ላይ ሳይሆን ቦታው ላይ ነው። አይሱዙዎ 24 ቮልት ነው፤ ሁለት ባለ 12 በተከታታይ ታስረዋል። ቴፑ ባለ 12 ስለሆነ ገጣሚው ከመሃል፣ ማለትም ኔጋቲቩ ከቦዲ ጋር ከታሰረው አንዱ ባትሪ ብቻ ስቦለታል። ዲናሞው የሚያየው ጠቅላላውን 28 ቮልት ገደማ ነው፤ ማን ምን እንደደረሰው አያውቅም። ቴፑ የሚጠባው ባትሪ 13 ላይ ሲቀር ያልተነካው 15 ያገኛል። አንዱ ይራባል፣ አንዱ ይፈላል።

ማረጋገጥ ከፈለጉ ሞተሩ እንደተነሳ እያንዳንዱን ባትሪ ለብቻው ይለኩ፤ በመካከላቸው ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ነገሩ ይኸው ነው። መፍትሔው ከመሃል የተሳበውን ገመድ ቆርጦ ከ24 ወደ 12 የሚቀንስ መሣሪያ መግጠም ነው። ለቴፕ ብቻ ባለ 10 አምፔር፣ አምፕሊፋየር ካለ ባለ 20። የሚቀንሰው መሣሪያ ገመድ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ይኑረው። ባትሪ ሲገዙም ሁለቱን በአንድ ቀን፣ አንድ ዓይነትና አንድ አምፔር ይግዙ፤ አዲስና አሮጌ ተጣምረው ከታሰሩ አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ዕድሜ ይጎትተዋል።

*ጥያቄ፦ የኋላ መብራት ሳበራ ባለ 15 ፊውዝ ይቃጠላል። አንድ ልጅ በፊውዙ ፈንታ ሽቦ አድርጎልኝ ይሠራ ነበር፤ ትናንት ግን ዳሽቦርዱ ሥር ሽታ ሸተተኝ።*
የሚኒባስ ባለቤት፣ ወንጂ

መልስ፦ ሽቦውን አሁኑኑ ያውጡት። ፊውዝ የሚቃጠለው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው፤ ሽቦ ሲገባበት ቀጥሎ የሚነደው ምንጣፍ ሥር ያለው ገመድ ነው። የሲጋራ ብር ወረቀትም ያው ነው።

ፊውዝ እያቃጠሉ መፈለግ ግን ገንዘብ ማባከን ነው። የፍሬን አምፖል፣ ባለ 21 ዋት፣ ሁለት ገመድ በይደውበት በፊውዙ ቦታ ይሰኩት። የኋላ፣ የታርጋና የፊት ፓርኪንግ አምፖሎችን ሁሉ ያውጡና ማብሪያውን ያብሩ። የዳሽቦርዱ ትንንሽ መብራቶች ስላሉ አምፖልዎ ቀላ ሊል ይችላል፤ ቦግ ብሎ በሙሉ ብርሃኑ ከበራ ግን ገመዱ አንድ ቦታ ብረት ነክቷል። አምፖሉ እየበራ ገመዱን ከኋላ ወደ ፊት እየነቀነቁ ይሂዱ። ብልጭ ድርግም ያለበት ቦታ እሱ ነው። ከኋላ ይጀምሩ፦ የኋላ በሩ ማጠፊያ ጋ ገመዱ በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ይታጠፋል፤ የታርጋው መብራት ቆርቆሮ ጠርዝ ይቆርጣል፤ ተጨማሪ መቀመጫ ሲገጠም የተበሳ ብሎንም ገመድ ወግቶ ሊሆን ይችላል።

የተላጠውን ቆርጠው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ገመድ ያስገቡ፣ መጋጠሚያውን ይበይዱት፣ በሙቀት የሚሰበሰብ ቱቦ ያልብሱት። አጣምሞ በናስትሮ መጠቅለል በዚህ ሙቀት አይበረክትም፤ ሙጫው ይቀልጥና ናስትሮው ተንሸራትቶ ሽቦው ራቁቱን ይቀራል። ቆርቆሮ የሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይግባ።

*ጥያቄ፦ ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ ፈትቶ «ካልጠፋ ዲናሞው ደህና ነው» የሚል ፈተና አለ። ትክክል ነው?*
ተማሪ፣ አዳማ

መልስ፦ አይደለም፤ ጎጂም ነው። ፈተናው የመጣው ከእውነተኛው ዲናሞ ዘመን ነው። ስሙ ቀርቶልናል እንጂ ዛሬ ዲናሞ የምንለው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ አምርቶ በዳዮድ የሚያቀና ሌላ ማሽን ነው፤ ሬጉሌተሩም ኤሌክትሮኒክ ነው። ባትሪው የቮልቱን ግፊት እንደ ትራስ ይውጠዋል። ቻርጅ እያደረገ ሳለ ድንገት ሲፈታ ቮልቱ ለቅጽበት ብዙ እጥፍ ይዘላል፤ ዳዮዱን፣ ሬጉሌተሩን፣ ቴፑን፣ በቪትዝና በያሪስ ላይ ደግሞ የሞተሩን ኮምፒውተር ሊያቃጥል ይችላል። ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርጎ 14 ማየት ያንኑ ይነግርዎታል። ዳዮዱን ለመጠርጠር ደግሞ ሞተሩና መብራቱ እንደበራ ቴስተሩን ወደ ተለዋዋጭ ቮልት አዙረው ባትሪው ላይ ያድርጉት፤ ከ0.5 በላይ ካሳየ ከዳዮዶቹ አንዱ ሳይበላሽ አልቀረም።