«አክዩሬት» እና «ፕሪሳይስ» አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የመጀመሪያ ዓመት የኬሚስትሪ ተማሪ ነኝ። ላቦራቶሪ ውስጥ 100 ግራም የሆነ የሚዛን ድንጋይ አምስት ጊዜ እንድንመዝን ታዘዝን። ያገኘሁት 103.21፣ 103.22፣ 103.21፣ 103.20 እና 103.22 ነው። መምህሬ ሪፖርቴ ላይ «ፕሪሳይስ ነው፣ አክዩሬት ግን አይደለም» ብለው ጻፉ። መዝገበ ቃላት ሳይ ሁለቱንም «ትክክለኛ» ይላቸዋል። ታዲያ ልክ ነኝ ወይስ አይደለሁም? ደግሜ ብመዝንስ ይስተካከላል?

መልስ፦ እህቴ፣ መምህርሽ ልክ ናቸው። አክዩሬት ማለት ለእውነተኛው ዋጋ የቀረበ ማለት ነው። ፕሪሳይስ ሲባል ደግሞ ልኬቶቹ እርስ በርሳቸው ተቀራርበዋል ማለት ነው። አምስቱ ቁጥሮችሽ በ0.02 ግራም ልዩነት ውስጥ ተሰብስበዋል። ይህ በጥንቃቄ መሥራትሽን ያሳያል፣ ጎበዝ ነሽ። ግን አምስቱም ከ100 በ3 ግራም በላይ ከፍ ብለዋል።

የሌላ ተማሪ ውጤት 99.1፣ 101.3፣ 98.8፣ 100.9 እና 99.9 ነው እንበል። ቁጥሮቹ ተበታትነዋል፣ ፕሪሳይስ አይደሉም። አማካያቸው ግን ድፍን 100 ነው። ይህ ተማሪ ከአንቺ ይልቅ ለእውነቱ ቀርቧል። በነገራችን ላይ አይሶ 5725 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ አማካዩ ለእውነተኛው ዋጋ ላለው ቅርበት «ትሩነስ» የሚል ሌላ ቃል አለው፤ «አክዩሬሲ» (አክዩሬት መሆን) የሚለው ትሩነስም ሆነ የልኬቶቹ መቀራረብ ሁለቱም ሲሟሉ ነው። መምህርሽ የተጠቀሙት በክፍል ውስጥ የተለመደውን አነጋገር ነው።

ደግመሽ ብትመዝኚ አይስተካከልም። መደጋገም የሚረዳው አንዴ ከፍ፣ አንዴ ዝቅ ለሚለው ስህተት ነው፤ አማካይ ሲወሰድ እርስ በርሱ ይጣፋል። ሚዛኑ ራሱ ወደ አንድ ወገን ካደላ ግን መቶ ጊዜም ብትመዝኚ ያንኑ ነው የሚነግርሽ። ተማሪዎችን ላቦራቶሪ ሳስተምር ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነበር፤ ከነጥብ በኋላ አሃዝ ሲበዛ ዝም ብለን እናምናለን። ፓይ (π) የተባለውን የሒሳብ ቁጥር 3.14 ያለ ሰው ልክ ነው። 3.2415927 ያለው ግን አሃዙን ቢደረድርም ተሳስቷል።

ይህ እምነት ትልልቅ ባለሙያዎችንም አሳስቷል። ሀብል የተባለው የጠፈር ቴሌስኮፕ እ.ኤ.አ. በ1990 ወደ ህዋ ሲላክ፣ 2.4 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው መስታወቱ እጅግ በጥንቃቄ የተሞረደ ነበር። ቅርጹ ግን የተሳሳተ ነው። ጠርዙ ላይ 2 ማይክሮሜትር ያህል ከሚገባው በላይ ጠፍጣፋ ሆኖ ነበርና ምስሎቹ ደበዘዙ። መስታወቱን ሲሞርዱ የሚመሩበት መፈተሻ መሣሪያ ውስጥ አንዱ ሌንስ ከቦታው 1.3 ሚሊሜትር ተዛንፎ ተገጥሞ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ደግሞ ሌላው ነው። ሌሎች መፈተሻዎች ስህተቱን አሳይተው ነበር። «ያኛው የተሻለ መሣሪያ ነው» ተባለና ሳይሰሙ ቀሩ። ማስተካከያው የተገጠመው ጠፈርተኞች እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1993 እዚያው ህዋ ላይ ሄደው ነው።

ከላቦራቶሪ ውጪም ልዩነቱ አለ። ጠዋት የተጀመረን ስብሰባ «ከሰዓት 8 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ ተጀመረ» ያለ ሰው ንግግሩ ፕሪሳይስ ነው፣ አክዩሬት ግን አይደለም። «ጠዋት ነው የተጀመረው» ያለው አክዩሬት ነው፤ ደቂቃውን ግን አልነገረንም።

ወደ ሪፖርትሽ ልመለስ። ከሁሉም ላይ 3.21 ቀንሰሽ እንዳታስረክቢ! መጀመሪያ የስህተቱን ዓይነት እወቂ። ባለ 50 ግራም የሚዛን ድንጋይ አምጥተሽ መዝኚ። 53.21 አካባቢ ካነበበ፣ ሚዛኑ ከዜሮ አልተነሳም ማለት ነው፤ ዜሮ አድርገሽው እንደገና ጀምሪ። 51.6 አካባቢ ካለ ግን ስህተቱ ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው፤ ያኔ ሚዛኑ ካሊብሬት መደረግ፣ ማለትም ክብደቱ በታወቀ ድንጋይ ንባቡ መስተካከል አለበት። የትኛው እንደሆነ ሪፖርትሽ ላይ ከነቁጥሩ ጻፊው።