ከሉክሶር እስከ አስዋን፦ ከልጆችና ከአረጋዊት እናት ጋር

ጥያቄ፦ በታኅሣሥ ከሁለት ልጆቻችንና ከእናቴ ጋር በግብፅ፣ በዓባይ ወንዝ ላይ፣ ከሉክሶር እስከ አስዋን በመርከብ ልንጓዝ አስበናል። እናቴን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው የትኞቹን ጥንታዊ ሥፍራዎች ብናይ ይሻላል?

መልስ፦ ወሩን በሚገባ መርጠዋል፤ በሰኔና በሐምሌ የአስዋን ሙቀት ከ40 ዲግሪ ስለሚያልፍ ከአረጋዊ ጋር የሚሞከር አይደለም።

በሉክሶር ባለው የካርናክ ቤተ መቅደስ 134 ዓምዶች የቆሙበት አዳራሽ ሜዳ ላይ በመሆኑ እናትዎን አያደክምም፤ የነገሥታት ሸለቆ መቃብሮች ግን ብዙዎቹ ቁልቁል የሚወርዱ ናቸውና እርሳቸው ውጭ ጥላ ሥር ቢቆዩ ይመረጣል። ጉዞው ሽቅብ፣ ከወንዙ ፍሰት በተቃራኒ ስለሆነ፣ መርከቡ ኤስና ከተማ ሲደርስ ተራውን ጠብቆ ጠባብ የውኃ መዝጊያ ውስጥ ይገባል፤ የኋላው በር ተዘግቶ ውኃው መርከቡን ቀስ እያደረገ ሲያነሣው ከሰገነቱ ላይ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ልጆችን ከብዙ ሐውልት ይልቅ ያስደስታቸዋል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ237 የተጀመረው የኤድፉ ቤተ መቅደስ ጣራው ሳይቀር ስለተረፈ አይለፋችሁ። የኮም ኦምቦ ቤተ መቅደስ ከወንዙ ዳር ጥቂት እርምጃ ብቻ ነው፤ እዚያ ያሉትን በጥንት ዘመን ገንዘው ያደረቋቸውን አዞዎች ልጆቹ አይረሷቸውም። ከዓለት የተፈለፈሉት የአቡ ሲምበል ቤተ መቅደሶች ከአስዋን 280 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቁ፣ ወደዚያ በምትሄዱበት ቀን እናትዎ መርከቡ ላይ ቢያርፉ እመርጣለሁ።