የባጃጅህ ድምፅ ሲሰማ

ከሐዋሳ የጻፈልን የባጃጅ ሹፌር የሁለት ልጆች አባት ነው። «ሚስቴ ቀበሌ ውስጥ ሴቶች ቡና እየጠጡ ስለ ጥቃት የሚወያዩበት ፕሮግራም ከጀመረች ወዲህ ምላሷ ረዝሟል። ድሮ ቤታችን ሰላም ነበር። እጄን ያነሳሁባት ሁለቴ ብቻ ነው፤ እሷም ጥፋቷን አምናለች። እንዴት ላስቀራት?» ይላል።

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። አንድ ቦታ ላይ ግን ማለፍ አቃተኝ። መከበርህን ለማስረዳት «የባጃጄ ድምፅ ሲሰማ ልጆቹ ቴሌቪዥን አጥፍተው ጓዳ ይገባሉ» ብለሃል። እኔ የታየኝ ሪሞቱን የያዘው ልጅ ነው። ዓይኑ ካርቱኑ ላይ ነው፣ ጆሮው ግን ደጅ። እናቱም ሽንኩርት እየከተፈች ያንኑ ድምፅ ታዳምጣለች። ዛሬ በምን ሁኔታ ይገባ ይሆን እያለች። ሰላም ያልከው ይህንን ይመስለኛል።

«ሁለቴ ብቻ» ያልከውም አሳዝኖኛል። አንድ ቤት ለመፍራት ሦስተኛው ምት መምጣት አያስፈልገውም። እንዳይመጣ ሁሉም ሲጠነቀቅ ይኖራል። አንተ ሁለቱን ረስተሃቸው ይሆናል፤ እነሱ ግን በየማታው ሦስተኛውን ይጠብቃሉ። ሚስትህ ዛሬ መልስ መስጠቷ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ እኔን ተስፋ ሰጥቶኛል። የሚሰማትን ላንተው እየነገረችህ ነው።

ጥፋቷን አመነች ስላልከው፦ በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባል ሚስቱን ቢመታ ልክ የሚሆንበት ቢያንስ አንድ ምክንያት አለ ያሉት ሴቶች 63 በመቶ ነበሩ። ወንዶቹ 28 በመቶ። ከተጠየቁት ምክንያቶች አንዱ ምግብ ማሳረር ነው። «ቻይው» እየተባለች ያደገች ሴት አጥፍቻለሁ ብትል፣ መመታቱን ወደደችው ማለት አይደለም።

ከማስቀረት ይልቅ አንተ ብትገባስ? በጉራጌ አካባቢ መንደሮች እንዲሁ በቡና ላይ 14 ጊዜ የሚደረግ ውይይት ተሞክሮ ነበር፤ ለሴቶች ለብቻ፣ ለወንዶች ለብቻ፣ ለባልና ሚስት አብሮ። ባሎች በሚስቶቻቸው ላይ የሚፈጽሙት ወሲባዊ ጥቃት ጎላ ብሎ የቀነሰው ወንዶቹ ራሳቸው በተቀመጡበት ነው። የወንዶች ፕሮግራም ካለ ቀበሌውን ጠይቅ።

ሽማግሌ ልትልክባት አስበህ ከሆነ፣ እሱ ለጊዜው ይቆይ። ምናልባት የሚበጅህ መጀመሪያ ብቻህን ባለሙያ ጋ በአካል ቀርበህ መነጋገር ነው። አብራችሁ ብትመጡ እሷ ካንተ አጠገብ ተቀምጣ ሁሉንም አትናገርም። እጅህን ግን ከዛሬ ጀምረህ ሰብስብ። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 564 የትዳር ጓደኛን መትቶ መጉዳት ወንጀል ነው ይላል።

ቴሌቪዥኑ ወዲያው በርቶ ላይጠብቅህ ይችላል። ወራት ሊፈጅ ይችላል። ልጆቹ ያን ቀን ሳያጠፉት ከደረስክ፣ አጠገባቸው ቁጭ በልና አብረሃቸው እይ።