ምርመራው ነፃ ነህ አለኝ፤ ልቤ ግን አላመነም

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎ ከጎንደር ነው፤ ዕድሜዬ 27 ነው። በመስከረም መጨረሻ ለሥራ ባሕር ዳር ሄጄ፣ መጠጥ ጠጥቼ ከማላውቃት ሴት ጋር አደርሁ። ኮንዶም ተጠቅመናል፤ አልተቀደደም፣ አልወለቀምም። ከዚያ በፊት ከሴት ጋር ተኝቼ አላውቅም። በማግስቱ ጉሮሮዬን አመመኝ። ከዚያ ሌሊት ሌሊት ያልበኝ ጀመር፤ ምላሴ ነጣ፤ አንገቴ ላይ እብጠት የምዳስስ ይመስለኛል፤ እህልም አልበላ አለኝ። በስድስተኛው ሳምንት የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ አዘዞ ድረስ ሄጄ ኤች አይ ቪ ተመረመርሁ። ነፃ ነህ ተባልሁ፤ ግን ማመን አቃተኝ። ከእናቴ ጋር በአንድ ማዕድ መብላት ትቻለሁ፤ እንዳላስተላልፍባት እፈራለሁ። ቤተ ክርስቲያንም ከደጅ ተሳልሜ እመለሳለሁ እንጂ አልገባም። ነፃ ከሆንሁ ለቁስቋም ማርያም ጃንጥላ አገባለሁ ብዬ ተስያለሁ። ይህ የእግዚአብሔር ቁጣ ይሆን? ሁለተኛ ከመመርመር ጠበል ብጠመቅ አይሻልም? በጥር በተክሊል የማገባት እጮኛ አለችኝ።

መልስ፦ ልጄ፣ እንኳን ጻፍህ። ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብሁት። የደምና የነፍስ ጉዳይ አንድ ላይ ተደባልቆብሃል። ከጤና ጣቢያው ምሕረት ትጠብቃለህ፤ ከጠበሉ ደግሞ የምርመራ ውጤት። ሁለቱም ያልተሰጣቸውን ስለምትጠይቃቸው አንዳቸውም አላሳረፉህም። ባለሙያዋ «ከቫይረሱ ነፃ ነህ» ስትልህ ጆሮህ የፈለገው «ከኃጢአትህ ነፃ ነህ» የሚለውን ነበር። እርሷ ደግሞ ይህን ለማለት ሥልጣን የላትም።

ከደሙ ልጀምር፤ እርሱ ይቀላል። እኔ የመጽሐፍ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን ጎንደር ደቀ መዛሙርት ከየአገሩ ለአቋቋምና ለትርጓሜ የሚጎርፉባት ብቻ ሳትሆን፣ ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲሠለጥንባት የኖረች ከተማ ናት። የሚጠየቅ ሰው አይጠፋም፤ ስለ አንተም ማንነትህን ሳልገልጥ ጠይቄያለሁ።

ኤች አይ ቪ የሚተላለፈው በደም፣ በወንድ የዘር ፈሳሽ፣ በሴት ብልትና በፊንጢጣ ፈሳሽ፣ እንዲሁም በእናት ጡት ወተት ነው። በምራቅ፣ በላብ፣ በእንባ አይተላለፍም። በአግባቡ ያገለገለና ያልተቀደደ ኮንዶም ቫይረሱን በእጅጉ ስለሚከላከል፣ ሐኪሞቹ የአንተን ዓይነት አጋጣሚ ዝቅተኛ ሥጋት ያለበት ይሉታል። እኔ ደግሞ እጨምራለሁ፤ ኮንዶሙ ሥጋህን ጠበቀ እንጂ ሥራህን አላጸደቀም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ምልክቶቹን በተመለከተ፣ ጉሮሮህ የታመመው በማግስቱ ነው ብለሃል። ቫይረሱ የገባበት ሰው የመጀመሪያ ስሜቶች ቢታዩበት እንኳ የሚታዩት ብዙውን ጊዜ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ በአንድ ሌሊት አይመጡም። እነርሱም ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ ሽፍታ፣ የዕጢ ማበጥ ናቸው፤ ማንኛውም ጉንፋን መሳይ ሕመም ይዟቸው ይመጣል። ብዙ ሰው ደግሞ ቫይረሱ እያለበት ምንም አይሰማውም። ስለዚህ በምልክት ተነሥቶ «አለብኝ» ማለትም «የለብኝም» ማለትም አይቻልም። ላቡ፣ የልብ ትርታው፣ የእንቅልፍ ማጣቱ፣ የሆድ መታወኩ ጭንቀት ብቻውን የሚያመጣቸው ናቸው። እህልና ውሃ በአግባቡ የማይቀምስ ሰው ምላስም ይደርቃል፣ ይነጣል። አንገትህን ቀኑን ሙሉ ስትጫነው ውለህ ማታ ቢያምህ አይድነቅህ።

ከጣት ደም ተወስዶ የሚደረገው ፈጣን ምርመራ የሚያየው ሰውነት ቫይረሱን ለመከላከል የሚያመርተውን ነገር ነው። ይህ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል። የስድስተኛው ሳምንት ውጤት በጣም የሚያጽናና ነው፤ የመጨረሻ ማረጋገጫ የሚባለው ግን 3 ወር ሲሞላ ነው። ያም ለአንተ በታኅሣሥ መጨረሻ፣ በገና አካባቢ መሆኑ ነው። አንድ ጊዜ ሂድ፤ በዚያው የቂጥኝና የጉበት ቫይረስ ምርመራም ጠይቅ፤ ከዚያ በኋላ አቁም። አንተ የምትፈልገው እርግጠኝነት በአሥረኛው ምርመራም አይገኝም። የ3 ወሩን ውጤት ይዘህም ጭንቀቱ ካልለቀቀህ ያ ራሱን የቻለ ሕመም ነውና በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች አሉ። ወደ እነርሱ መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም።

ይህን የሚያነብ ሌላም ሰው ስለሚኖር አንድ ነገር ልበል። ያለ ኮንዶም የሆነበት ወይም ኮንዶም የተቀደደበት ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ከደረሰ፣ ለ28 ቀን የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት አለ። በቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። አፍሮ ቤት መቀመጥ በዚህ ላይ ሌላ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ እናትህ። በአንድ ማዕድ መብላት፣ በአንድ ኩባያ መጠጣት፣ መተቃቀፍ ቫይረሱን አያስተላልፍም፤ ቫይረሱ ያለበት ሰው ቢሆን እንኳ። ለአገራችን እናት ልጇ ጉርሻዋን እምቢ ሲላት ምን እንደሚሰማት ታውቃለህ። ከሕመም ጠበቅኋት ብለህ ኀዘን ሰጠሃት። ዛሬ ማታ ከመሶቡ ቅረብና ብላ። ቅዱስ ቁርባን ስንቀበል ደሙን በሚያቀብሉበት ማንኪያ፣ በዕርፈ መስቀሉ፣ በሽታ ይተላለፋል ብለው የሚሠጉም አሉ፤ መልሱ ያው ነው፣ አይተላለፍም።

«ከመመርመር ጠበል አይሻልም?» ላልኸው፣ ለምን አንዱን መምረጥ አስፈለገህ? ከ81ዱ መጻሕፍታችን አንዱ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትን ከምድር የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን እንድናውቅ፣ አስተዋይ ሰውም እንዳይንቀው ያስተምራል። ነቢዩ ኢሳይያስ ሕዝቅያስ እንደሚድን ቃል ከእግዚአብሔር ይዞለት መጥቶ ሳለ፣ በቁስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም ምእመናን ለጠበል ብለው የኤች አይ ቪ መድኃኒታቸውን ሲያቋርጡ ባዩ ጊዜ፣ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ መሆኑን በአደባባይ አስተምረዋል። እኔ በግሌ ሰው መድኃኒቱን ጥሎ ጠበል ግባ የሚል አጥማቂ ሲገጥመኝ ቁጣዬን መያዝ ይቸግረኛል። ጌታ በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ ለፈታኙ «ጌታ አምላክህን አትፈታተነው» ያለው እንዲህ ላለው ነው። አንተ ግን ጠበሉን የፈለግኸው ለመዳን አይመስለኝም፤ ውጤት ላለመስማት ነው። ጠበል መሸሸጊያ አይደለም። ተጠመቅ፣ ተመርመርም።

ቁጣ ነው ወይ? በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 13 ጌታ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለ ገደላቸው 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከኢየሩሳሌም ሰዎች ሁሉ ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ ነው ብላችሁ ታስባላችሁን ብሎ ጠየቀና አይደለም አለ፤ ወዲያው ግን ሁላችሁም ንስሐ ግቡ አለ። ልብ በል፤ ግንቡ የወደቀበትም ያልወደቀበትም እኩል ንስሐ ተጠርቷል። ቫይረሱ ካላቸው ወገኖቻችን ውስጥ ሲወለዱ ያገኛቸው ሕፃናት፣ ለባላቸው ታምነው የኖሩ ሴቶች አሉ። እነርሱን የተቀጡ ናቸው ካልህ ፈራጅ ሆንህ። አንተም ነፃ ስለሆንህ እግዚአብሔር ሥራህን አላየም ካልህ ሞኝ ሆንህ። ውጤቱ ነፃ ቢሆንም ንስሐው አይቀርልህም፤ ባይሆንም ንስሐው አይከለከልብህም።

እንዲያው አለብህ ቢባልስ? መድኃኒቱ በአገራችን ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ ይሰጣል። በየቀኑ በሥርዓት የሚወስድና በደሙ ውስጥ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ የወረደለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት አያስተላልፍም፤ ያገባል፣ ጤነኛ ልጅ ይወልዳል። ሞት አድርገህ የሣልኸው ነገር በየአጥቢያችን ከጎንህ ቆሞ የሚያስቀድስ ሰው የሚኖርበት ሕይወት ነው።

ስለ ጃንጥላው ሳነብ ፈገግ አልሁ፤ ይቅር በለኝ። «ነፃ ከሆንሁ» ብለህ ተሳልህ፤ ነፃ ነህ ተባልህ፤ ጃንጥላው ግን እስካሁን ሱቅ ውስጥ ነው። መጽሐፈ መክብብ የተሳልኸውን ለመክፈል አትዘግይ ይላል። ስእለት መሳል መልካም ነው፤ እመቤታችንን ግን የገዛኸው ዕቃ እስኪረጋገጥ ገንዘቡን እንደምትይዝበት ነጋዴ አታድርጋት። ቁስቋም ውጣ፣ ጃንጥላውን ስጥ፤ ከደጅ ሳትመለስም ገብተህ አስቀድስ። መቁረብ ነው እንጂ ማስቀደስ አልተከለከልህም።

ከዚህ በኋላ ያለው ከበድ ይላል። ደብዳቤህ ውስጥ ያቺ የባሕር ዳሯ ሴት ስም የላትም፣ ፊት የላትም፤ በሽታ ብቻ ናት። እርሷም የሰው ልጅ ናት፤ ምናልባት እርሷም ከአንተ ምን ይዤ ይሆን ብላ ትጨነቅ ይሆናል። በጸሎትህ አስባት።

እጮኛህን ደግሞ እይ። ስለ ጉሮሮህ፣ ስለ ላብህ፣ ስለ ምላስህ ይህን ያህል ስትጽፍ፣ ስለ እርሷ የጻፍኸው በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ያነበብሁት ሁሉ የተገለጠልኝ እዚያ ላይ ነበር። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንደ እግዚአብሔር ፈቃድ የሆነ ኀዘን ወደ ንስሐ እንደሚያደርስ፣ የዓለም ኀዘን ግን ሞትን እንደሚያመጣ ጽፎላቸዋል። የሁለቱ ልዩነት በአካሄዳቸው ይታወቃል። ንስሐ ወደ ካህን፣ ወደ በደልኸው ሰው ያስኬዳል፤ የአንተ ፍርሃት ግን የሚያስኬድህ ወደ መስታወት ነው። ደሜ ምን ይዞ ይሆን እያልህ መጨነቁ፣ «በደልሁሽ» ከማለት ስለቀለለህ እንዳይሆን ራስህን መርምር። ቫይረሱ ባይኖር ኖሮ ይህን ደብዳቤ ትጽፍልኝ ነበር?

ሥርዓተ ተክሊል በድንግልና ለጸኑ የተሠራ ነው። አንተ ዛሬ በዚያ ቁጥር ውስጥ አይደለህም። ይህን ሸሽገህ አክሊል ብትደፋ ለእጮኛህም ለሥርዓቱም ሁለተኛ በደል ነው። ይህ ማለት ግን የተቀደሰ ጋብቻ ተዘጋብህ ማለት አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ወድቀው ለተነሡት ከንስሐ በኋላ በሥጋ ወደሙ የሚጋቡበት ሥርዓት አላት። አፈጻጸሙን የሚነግርህ የንስሐ አባትህ ነው እንጂ እኔ በጽሑፍ አልወስንልህም። ዛሬ ነገ ሳትል ሂድ፤ የሆነውን ሳታሳንስና ሳታጋንን ንገራቸው። እርሳቸው ከሁሉም የባሰ ሰምተዋል፤ አይደነግጡም። የሚሰጡህን ቀኖና ፈጽም። አሁን ጾመ ነቢያት ነውና ከታዘዘው ጾም በላይ እህል በመተው ሰውነትህን አታድክም፤ ጤናውን የማያውቅ ሰው ቀኖናውን ለራሱ አይሰጥም።

ለእጮኛህ መናገርን ያለ ንስሐ አባትህ ምክር በድንገት አታድርገው፤ ከሠርጉ በኋላም አታሳድረው። ብትቆጣ፣ ጊዜ ስጠኝ ብትል፣ ቀኑ ከጥር ቢያልፍ መብቷ ነው፤ «እግዚአብሔር ይቅር ብሎኛል፣ አንቺ ማን ነሽ?» የምትል እንዳትሆን። በብዙ አጥቢያ ከጋብቻ በፊት የኤች አይ ቪ ምርመራ ውጤት ስለሚጠየቅ፣ የ3 ወሩ ምርመራህ ከዚያ ጋር ይገጥማል። ነግረሃት ከቆየች በገና ሰሞን አብራችሁ ሂዱ፤ ያን ጊዜ አዘዞ ድረስ መሸሽ አያስፈልግህም፣ በቅርባችሁ ካለው ጤና ጣቢያ ይበቃል።