ሆዴን ያመኛል ያለችኝ ልጅ

ባለፈው ሰሞን ከገበያ ስመለስ አንዲት ጎረቤቴ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። ማስተማር ከጀመረች ገና ሁለት ዓመት አልሞላትም። የያዝኩትን ድንች ተቀበለችኝና አብረን መውጣት ጀመርን። እኛ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የምንኖር ሰዎች ጨዋታችን ሁሉ ደረጃ ላይ ነው።

«ሲስተር፣ ሥልጠና ግቢ የሚል ደብዳቤ ደረሰኝ» አለችኝ። «የሕፃናት ጥቃትን ስለመከላከል ነው። አምስት ቀን። እውነት ግን ይጠቅማል?»

«አበል አለው?» አልኳት።

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ጥያቄዋ ግን ቤት ድረስ ተከተለኝ። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ለእሷና ለእኩዮቿ ነው። አዲስ ለተቀጠራችሁ መምህራን፣ ነርሶች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ ለፖሊሶችም ጭምር።

ነርስ ሆኜ የተመረቅሁት በ1979 ዓ.ም. ነው። ዘንድሮ ጡረታ ወጣሁ። በእነዚህ ዓመታት ብዙ አጥፍቻለሁ፤ አንዱን ልንገራችሁ።

በ1991 ዓ.ም. ከከተማው ዳር ባለ አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። አሥር ዓመት ገደማ የሆናት ልጅ መጣች። ሆዷን ያማታል። ያመጣት አጎቷ ነው። የትላትል መድኃኒት ሰጥቼ ሸኘኋት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሰች። አሁንም ሆዷን ነው። አሁንም ከአጎቷ ጋር። ሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ ነገሩ ትንሽ ከነከነኝ። ልጅቷ የቀሚሷን ጫፍ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ ነበር። «ሌላ የሚያስቸግርሽ ነገር አለ እንዴ?» አልኳት። አጎቷ አጠገቧ ቆሟል። እሱን አየችው። ከዚያ መሬት መሬቱን አየች። «የለም» አለች። እሱ ቀበል አድርጎ «ትምህርት ቤት ላለመሄድ እኮ ነው ይሄ ሁሉ» አለና ሳቀ።

እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ልጅቷ ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ምን ሆና እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም። ምናልባት በእርግጥም ትላትል ነበር። ምናልባት ትምህርት ቤት ጠልታ ነበር። እኔን የሚቆጨኝ ያ አይደለም። አንድ ጊዜ እንኳ ለብቻዋ አላናገርኳትም። ሰውየውን «እስቲ ካርድ ክፍል ሄደህ ይህን ወረቀት አስፈርምልኝ» ብዬ አምስት ደቂቃ ማግኘት እችል ነበር። አላወቅሁበትም። ያስተማረኝ ሰውም አልነበረም።

የመጀመሪያውን ሥልጠና የወሰድኩት ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. ነው። አዲሱ የወንጀል ሕግ ሥራ ላይ ከዋለ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሥልጠና ታውቃላችሁ። የሻይ እረፍት አለ፣ የቡድን ውይይት አለ፣ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ትልልቅ ወረቀት አለ። ከምሳ በኋላ የሚያንቀላፋም አለ። መጀመሪያው ቀን አራቱን የጥቃት ዓይነቶች ስንጽፍ ዋልን፦ አካላዊ፣ ስሜታዊ፣ ወሲባዊ፣ ቸልተኝነት። እኔ ደብተሬ ላይ አበባ እየሣልኩ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አሠልጣኟ አንድ ነገር አዘዘችን። «ወደ ጎረቤታችሁ ዙሩ። በሕይወታችሁ በጣም ያፈራችሁበትን ነገር ንገሩት። ምንም ሳትደብቁ። ሁለት ደቂቃ አላችሁ።» አዳራሹ ጸጥ አለ። አጠገቤ የነበሩት ሽበታም ርዕሰ መምህር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ የሌለ ነገር መፈለግ ጀመርኩ። አንዱ ከኋላ «ውይ፣ ይሄማ አይሆንም!» አለ። ሁለት ደቂቃው አለቀ። ማንም አልተናገረም።

«እናንተ ትልልቅ ሰዎች ናችሁ» አለች አሠልጣኟ። «ማንም አላስፈራራችሁም። ቤት ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ሰው የለም። ለስምንት ዓመት ልጅ ግን ‘ምን ሆነሃል? ተናገር!’ ትሉታላችሁ።»

ያኔ ነው ያቺ ልጅ ትዝ ያለችኝ። ወደ ግቢው ወጥቼ ብዙ ቆየሁ። ርዕሰ መምህሩም ወጥተው ነበር። ምንም አልተነጋገርንም።

እናም ጎረቤቴ ሆይ፣ አዎ፣ ይጠቅማል። አበሉንም ተቀበይ። ከአምስቱ ቀን ግን ሌላው ሁሉ ቢጠፋብሽ አንድ ነገር ይዘሽ ውጪ፦ ልጁ ሲነግርሽ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች። ሌላው መጽሐፍ ላይ አለ። እነዚያን ግን ካበላሸሻቸው የሚያቃናቸው የለም።

መጀመሪያ ፊታችሁ። ልጅ ፊት ያነባል። «ውይ በሞትኩት!» ብላችሁ ደረታችሁን ከመታችሁ ልጁ ያቆማል። እናንተን ያሳመመ መስሎት ያዝናል። ሁለተኛ ጊዜ አይነግራችሁም። መስታወት ፊት ቆማችሁ ተለማመዱ። ቀልዴን አይደለም፤ እኔ ተለማምጃለሁ።

ከዚያ አፋችሁ። «እሱ ነክቶሻል አይደል?» አትበሉ። መልሱን አፏ ውስጥ እየከተታችሁ ነው። በኋላ ፍርድ ቤት የልጅቷን ቃል የሚያበላሸው ይኸው ነው። «እስቲ ንገሪኝ» በሉ። «እሺ፣ ከዚያስ?» በሉ። ዝም ስትል እናንተም ዝም በሉ። «ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?» የሚባል ጥያቄ የለም። እሱ ጥያቄ ሳይሆን ወቀሳ ነው። «ስለነገርሽኝ ጎበዝ ነሽ፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» በሏት። ቀላል ይመስላል። ብዙ ልጆች ግን ይህን ቃል ከማንም አልሰሙም።

ደግሞ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ እንዳትምሉ። ልጆች ይህን ይጠይቃሉ። እኔም አንድ ጊዜ ምዬ አውቃለሁ። በማግሥቱ ልጁ ፖሊስ ሲያይ የመጀመሪያ ውሸታሙ ሰው እኔ ሆንኩ። እውነቱን ንገሩት። «ሊረዱህ ለሚችሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ብቻ ነው የምነግረው። ማን እንደሆኑም እነግርሃለሁ።»

ሲያበቃ ጻፉ። በዚያው ቀን፣ በልጁ ቃል። ልጆች ለሰውነታቸው ክፍል የራሳቸው ስም አላቸው። እናንተ ወደ ጨዋ ቃል አትቀይሩት። ከዚህ በላይ መርማሪ ልሁን አትበሉ። ልጅቷ ለመምህሯ፣ ለርዕሰ መምህሩ፣ ለነርሷ፣ ለፖሊሱ፣ ለዐቃቤ ሕጉ አንድ ታሪክ አምስት ጊዜ ስትናገር አስቡት። ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውን፣ ምክሩንና የሕጉን ጉዳይ በአንድ ጣሪያ ሥር ያሰባሰበ ማዕከል የተከፈተው ለዚሁ ነው። ልደታ ፍርድ ቤትም ልጁ ችሎት ፊት ሳይቆም በተለየ ክፍል ሆኖ በካሜራ የሚናገርበት አሠራር አለ። እነዚህን ሄዳችሁ እዩ። ልጅ ይዛችሁ ከመሄዳችሁ በፊት በሩ የት እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ።

አንድ ነገር ለእኛ ሠፈር ልጨምር። እዚህ ዳር ላይ የምታገኟቸው ልጆች ሁሉ ቤታቸው አማርኛ አይናገሩም። ኦሮምኛ አለ፣ ወላይትኛ አለ፣ ጉራጊኛ አለ። ቋንቋውን ካላወቃችሁ አስተርጓሚ ፈልጉ። ግን ያመጣትን ዘመድ አስተርጉምልኝ እንዳትሉ። የእኔ ስህተት በሌላ በር እንዳይገባ።

ጊዜ ደግሞ አይጠብቅም። ወሲባዊ ጥቃት ከሆነ የኤች አይ ቪ መከላከያ መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል። ለ28 ቀን ይወሰዳል። «እስቲ ሰኞ እንነጋገር» የሚባል ነገር የለም። እናት ልጇን ታጥባለች፤ ልብሷንም ትዘፈዝፋለች። ከፍቅር ነው የምታደርገው፤ አትቆጧት። ከታጠበችም ሕክምናው አይቀርም፣ አምጧት። ካልታጠበ ግን ልብሱን በወረቀት ከረጢት ያዙት። ፌስታል እርጥበት ይይዝና ማስረጃውን ያበላሸዋል። እኔ ካኪ ፖስታ ከቦርሳዬ አይጠፋም ነበር። ባልደረቦቼ «ሲስተር ፖስታ ቤት» ይሉኝ ነበር።

ስለ ድንግልና ምርመራም የሚጠይቃችሁ አይጠፋም። ቤተሰብ ይጠይቃል፣ አንዳንዴ ፖሊስም ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና ሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ይህ ምርመራ እንዲቀር የጠየቁት በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ምንም አያረጋግጥም፤ ልጅቷን ግን ሁለተኛ ጊዜ ይጎዳታል። ጥቃት ደርሶባቸው እንኳ በብዙዎቹ ልጆች ሰውነት ላይ ምንም ምልክት አይታይም። «ሐኪሙ ምንም የለም ብሏል» ማለት «ምንም አልሆነችም» ማለት አይደለም። ይህን ለቤተሰቡ አሥር ጊዜ ማስረዳት ሊኖርባችሁ ነው።

ወንድ ልጅ ምን ይሆናል የሚል ካለም አትስሙት። ይሆናል።

ሕጉን ብዙ አላብራራም፤ ሥልጠናው ላይ ታገኙታላችሁ። ሁለቱን ብቻ። በእኛ ጊዜ ያስተማሩን የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 11 ማንም ሰው ወንጀል ሲፈጸም በዓይኑ ባያይም የማመልከት መብት አለው ይላል። «እኔ አላየሁም» ብሎ መሸሽ አያዋጣም። ሁለተኛው፦ ከ13 ዓመት በታች በሆነ ልጅ ላይ የሚፈጸም የግብረ ሥጋ ድፍረት ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እሥራት ያስቀጣል።

ይህን ቁጥር በቃላችሁ ያዙት። ሽማግሌ ሲመጣ ያስፈልጋችኋል። ይመጣል ስላችሁ! ጋቢ ለብሰው፣ በጨዋ ደንብ፣ «ገመና አደባባይ አይውጣ፣ የልጅቷ ስም ይጠፋል፣ እኛ እናስታርቃለን» ይላሉ። ሽምግልናን አከብራለሁ። የእኔን ትዳር ሁለት ጊዜ ያዳኑት ሽማግሎች ናቸው። የድንበር ጠብ፣ የብድር ጠብ ያስታርቁ። ይህ ግን ጠብ አይደለም። አንድ ጊዜ በሁለት በግና በተወሰነ ብር ጉዳይ ሲዘጋ አይቻለሁ። ልጅቷን የጠየቃት አልነበረም። በጉ በተበላበት ቤት ነው ስታስተናግድ የዋለችው።

አሁን ትንሽ የማትወዱትን ልንገራችሁ፣ መምህራን በተለይ። እናንተስ? እኔ ያደግሁት በኩርኩምና በአርጩሜ ነው። ጥፋቱ ከበዛ በበርበሬ ጭስ ይታጠኑ የነበሩ ጓደኞች ነበሩኝ። ወላጅ ልጁን ለመምህር ሲሰጥ «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ይል ነበር። ሕገ መንግሥቱ ግን በ1987 ዓ.ም. አንቀጽ 36 ላይ በትምህርት ቤት የአካል ቅጣትን ከልክሏል። እናንተ አብዛኞቻችሁ ከዚያ በኋላ ነው የተወለዳችሁት። ተገርፋችኋል አይደል? ጠዋት ከሰልፍ ዘግይቶ የመጣን ልጅ አንበርክካችሁ፣ ከሰዓት በኋላ «ችግር ካለህ ንገረኝ» ብትሉት አይነግራችሁም። ደግሞስ ለምን እንደሚዘገይ ጠይቃችሁት ታውቃላችሁ?

እዚህ ሠፈር ወላጅ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥቶ አውቶቡስ ይሰለፋል። ሲመለስ መሽቷል። ልጆች ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይውላሉ። ቁልፍ የማይሰጣቸው ደግሞ ከውጭ ይቆለፍባቸዋል። ድሮ መሐል ከተማ ቀበሌ ቤት ስንኖር አንድ ግቢ ውስጥ የአሥር እናት ዓይን ነበር። ያ ዘመን ገነት ነበር አልላችሁም፤ ስንቱን ያ ግቢም ሸፍኗል። ግን ልጅ ሲያለቅስ «ማነው?» የሚል ይገኝ ነበር። ኮንዶሚኒየም ውስጥ በር ይዘጋል።

ስለዚህ እናንተ ከሠለጠናችሁ በኋላ ለዘበኛው ንገሩት። ለባጃጅ ሹፌሩ ንገሩት። ከሁሉ በላይ ለመጋቢ እናቶች ንገሯቸው። የተማሪዎች ምገባ ከተጀመረ ወዲህ በየትምህርት ቤቱ ከእነሱ በላይ ልጅ የሚያይ የለም። ማን እንደሚስገበገብ፣ ማን እጁ እንደሚንቀጠቀጥ ያውቃሉ። ሥልጠና ላይ ግን አይጠሩም፤ ደብዳቤ አይደርሳቸውም።

አምና እዚሁ ሠፈር ባለ አንድ ትምህርት ቤት በነፃ እያስተማርኩ ሳለ ከመጋቢዎቹ አንዷ ወደ ጎን ወሰደችኝ። «ሲስተር፣ ያቺ አንደኛ ክፍል ያለችው ዳቦዋን አትበላም። ኪሷ ነው የምትከተው። ሳምንት ሆነኝ ሳያት» አለችኝ። መምህሯ ልጅቷን ለብቻዋ «ዳቦው የት ይሄዳል?» አለቻት። በቃ፣ ይህንኑ ብቻ። ልጅቷም «ለማሙሽ» አለች።

ማሙሽ ሁለት ዓመት ከመንፈቁ ነው። ቤት ተቆልፎበት ይውላል።

አንዳንዶቹ ፖሊስ እንጥራ አሉ። መምህሯ ግን «መጀመሪያ እናትየዋን እንያት» አለች። ወዲያው፣ በዚያው ቀን። ከወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ባለሙያ ጋር ሆነን በሩ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅናት። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መጣች። ሲሚንቶ ጫማዋ ላይ ደርቋል። ሦስት ሰው በሯ ላይ ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ማሙሽ ሞቶብኝ ነው የመጡት ብላ ይመስለኛል።

«ደህና ነው፣ ደህና ነው» አልናት።

ከዚያ ቁጭ አለችና «እኔስ የት ላድርገው እትዬ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። መልስ የነበራት መጋቢዋ ናት። ሦስተኛ ፎቅ ያሉ አንዲት ባልቴት እንዳሉ ነገረችን፤ ልጆቻቸው ዐረብ አገር ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን ብቻቸውን ያያሉ። በማግሥቱ ጠዋት ማሙሽን ይዘን ወጣን። ወረዳው እናትየዋን በድጋፍ ዝርዝር ውስጥ ለማስገባት ሁለት ወር ፈጀበት፤ ባልቴቷ ግን በዚያው ጠዋት በሩን ከፍተው «ቁርስ በልቷል?» አሉ።

አሁንም ደረጃው ላይ አገኘዋለሁ። ፎቅ መውጣት ከእኔ ይበልጣል።