የክፍለ ግዛት ፈቃድ ዜግነት ሲጠየቅ አይከላከልም

ውድ እህታችን፣ የኬሞቴራፒው ማቅለሽለሽ እንዲቀልልዎት ኮሎራዶ ውስጥ በሐኪም ማረጋገጫ የማሪዋና ታካሚ ካርድ ማውጣትዎን ገልጸው፣ በመጪው ዓመት ለአሜሪካ ዜግነት ሲያመለክቱ ይጎዳኝ ይሆን ብለው ጠይቀዋል። አዎን፣ ሊጎዳዎት ይችላል።

የኮሎራዶ ሕዝብ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕክምና ቢፈቅደውም፣ ዜግነት የሚሰጠው የፌዴራሉ መንግሥት ነው፤ ማመልከቻዎን የሚመረምረው የኢሚግሬሽን መኮንንም የሚመለከተው የ1970ውን የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ሕግ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2005 በካሊፎርኒያ ሕሙማን ጉዳይ፣ ክፍለ ግዛቱ ቢፈቅድም የፌዴራሉ ክልከላ እንደሚጸና በ6 ለ3 ድምፅ ወስኗል። ኮንግረስ ከ2014 ጀምሮ የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ የክፍለ ግዛቶችን የሕክምና ፕሮግራም ለማደናቀፍ ገንዘብ እንዳያወጣ ማገዱን ሰምተው የሚጽናኑ ብዙዎች ናቸው፤ ያ ግን ክስን እንጂ ዜግነትን አይመለከትም። እንዲያውም በሚያዝያ 2019 የወጣው የኢሚግሬሽን መመሪያ፣ መጠቀምም ሆነ በዘርፉ ተቀጥሮ መሥራት በክፍለ ግዛቱ ቢፈቀድም እንኳ «መልካም ሥነ ምግባር» የሚለውን መመዘኛ ሊያሳጣ እንደሚችል በግልጽ አስፍሯል።

ይህ በእኔ ላይ ደርሷል። ዴንቨር ውስጥ ፈቃድ ባለው የማሪዋና መሸጫ ሁለት ዓመት ሒሳብ ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን አጭሼ አላውቅም፣ ግብሬንም በወቅቱ ከፍያለሁ። በቃለ መጠይቁ ዕለት መኮንኗ የግብር ወረቀቴ ላይ የአሠሪዬን ስም አይታ ሥራዬን ስትጠይቀኝ እውነቱን ነገርኳት፤ ከወራት በኋላ ማመልከቻዬ ውድቅ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ደረሰኝ። ሥራውን ትቼ አምስት ዓመት ከጠበቅሁ በኋላ ነው እንደገና ያመለከትሁት። ያስለቀሰኝ መዘግየቱ ሳይሆን፣ በሕጋዊ ፈቃድ የሠራሁት ሥራ እንደ ነውር መቆጠሩ ነበር።

ስለዚህ ፎርሙን ከመሙላትዎ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክሩ፤ አዲስ አበባ ደርሶ ለመመለስ ካሰቡም ከጉዞው በፊት ይሁን፣ ምክንያቱም ድንበር ላይ ተጠይቆ መጠቀምን ማመን ለግሪን ካርድ ባለቤትም አደጋ አለው። በመሐላ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ መከልከያ ስለሆነ ፈጽሞ አያስቡት። ሐኪምዎንም ስለ ድሮናቢኖል ይጠይቋቸው፤ ከ1985 ጀምሮ የፌዴራሉ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለኬሞቴራፒ ማቅለሽለሽ ያጸደቀው፣ በመደበኛ ማዘዣ ከፋርማሲ የሚገዛ እንክብል ነው። እግዚአብሔር ይማርዎት።