ሴንሰሩ ተቀይሮም ያልጠፋው መብራት

ጥያቄ፦ ከአውሮፓ የገባ የናፍታ መኪና አለኝ። የሞተር መብራት በርቶ ጉልበት አጣ። በኮምፒውተር ሲመረመር ፒ2453 የሚል ኮድ ወጣ፤ የጥላሸት ማጣሪያው የግፊት ሴንሰር ነው ተብሎ ተቀየረ። መብራቱ ግን ተመልሶ በራ። ሌላ ሴንሰር ልግዛ?

መልስ፦ ለጊዜው አይግዙ። ኮዱ የሚናገረው ከሴንሰሩ የመጣው ንባብ ለመኪናው ኮምፒውተር አሳማኝ አለመሆኑን እንጂ ሴንሰሩ መሞቱን አይደለም። ሴንሰሩ ከማጣሪያው በፊትና በኋላ ያለውን የጭስ ግፊት ልዩነት የሚለካው በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አማካይነት ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ብቻ ከፍተው ንባቡን በምርመራ መሣሪያው ይዩ፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት። ካልሆነ ቱቦዎቹን ከሴንሰሩ ነቅለው ደግመው ይዩ። አሁንም ዜሮ ካላለ ጥርጣሬው በሴንሰሩና በሽቦው ላይ ነው፤ ሶኬቱ ላይ 5 ቮልት መድረሱንና የኔጌቲቭ መስመሩን በቴስተር ይለኩ። አዲስ ሴንሰር ሲገባ ዜሮውን በምርመራ መሣሪያ ማስተካከል የሚጠይቁ መኪኖችም አሉ፤ ይህ መደረጉን መካኒክዎን ይጠይቁ።

ዜሮው ትክክል ከሆነ ሞተሩን አስነስተው ነዳጅ ይስጡ። ንባቡ ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ መውጣት አለበት። ካልወጣ ቱቦዎቹን ይመርምሩ፤ ነገር ግን በዓይን ብቻ አይመኑ። ጎማው ከብረቱ ቱቦ ጋር በሚገናኝበት ጫፍ በሙቀት ይደርቅና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም አጠፍ ካላደረጉት አይታይም። የብረቱ ቱቦ ደግሞ በጥላሸት ይደፈናል። ሲያጸዱ ጎማውን ከሴንሰሩ ነቅለው ወደ ጭስ ማውጫው አቅጣጫ አየር ይንፉ፤ ወደ ሴንሰሩ ከነፉ ውስጡን ያበላሹታል። ቱቦዎቹ ተቀያይረው መግባታቸውም ንባቡን ይገለብጠዋል፤ ሴንሰሩ በቅርቡ ስለተፈታ ይህን በተለይ ይመልከቱ። ማጣሪያው ጥላሸቱን ሲያቃጥል ሙቀቱ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያም በላይ ሊደርስ ስለሚችል፣ ሳይበርድ አይንኩት።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ንባቡ ካልተነሳ ማጣሪያው ውስጡ ተሰብሮ ወይም ወጥቶ ሊሆን ይችላል። ማጣሪያ እየቀደዱ ማውጣትን በፍጹም አልደግፍም፤ ያንን ጥላሸት የሚተነፍሰው ከኋላ ያለው እግረኛ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የዘይት መለኪያውን መዝዘው ይዩ። የመኪናው ኮምፒውተር በተሳሳተ ንባብ ጥላሸቱን አቃጥሎ ማጣሪያውን ደጋግሞ ለማጽዳት ሲሞክር የሚጨምረው ናፍታ ወደ ሞተር ዘይቱ ሊወርድ ይችላል። ዘይቱ ከላይኛው ምልክት አልፎ ናፍታ ናፍታ ከሸተተ፣ እስኪቀየር ድረስ መኪናውን አያንቀሳቅሱ።